ሬዲዮዬ ሁከት አታወጣም

በክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን። መርማሪው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሴቷ ጠባቂ በሩ ጋ ቆማለች። መሐንዲሱ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ኩዌታዊ፣ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ ይዞት የመጣውን የሲግናል መለኪያ ገመድ ይፈታል። አስተርጓሚው የአገሬ ልጅ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፏል። እኔ መሐል ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር። ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮዬ አለች።

የያዙኝ እዚሁ ኩዌት፣ ጅሊብ ሠፈር ካለው ክፍሌ ነው። ዓርብ ዓርብ ፀጉር ቤትና ጽዳት የሚሠሩ ሴቶች እኔ ዘንድ ይመጡና የአገራችንን የፖለቲካ ወሬ በአጭር ሞገድ እናዳምጥ ነበር። ጣሪያው ላይ ከልብስ ማስጫው ጎን የዘረጋሁትን የአንቴና ሽቦ ያየ ሰው፣ አሮጊቷ ስርጭት ታስተላልፋለች ብሎ ጠቆመ። ማስተላለፍ ከሆነ እስሩ ረጅም ነው፤ መስማት ብቻ ከሆነ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን ቀድመው ነግረውኛል። የታሰርኩበት ክፍል ማቀዝቀዣው አይጠፋም ነበርና እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነው የገባሁት።

መሐንዲሱ የሚያስተላልፍ ነገር ምን እንደሚመስል ሊያሳይ ስልኩን ወደ መለኪያው አስጠግቶ ደወለ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ተመዞ ወጣ። ቁጥሩ ሠላሳ ነው፤ ከፊቱ ግን የመቀነስ ምልክት አለ።

«ከዜሮ በታች ከሆነማ ምንም የለም ማለት ነው» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቀ። «እማማ፣ ምርመራ ላይ ነዎት እኮ!»

«ጠይቀው፣ ልጄ።»

መሐንዲሱ ደስ ያለው መሰለኝ። ዲቢኤም ይባላል፣ የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው አለ። ዜሮው ባዶ ሳይሆን አንድ ሚሊዋት ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ በታች በወረደ መጠን ጉልበቱ ይደክማል።

«እንደ ጉድጓድ ውሃ ነዋ። ዜሮው የጉድጓዱ አፍ ነው።»

ሲተረጎምለት «ሰሕ፣ ያ ኻላ!» አለ። ልክ ነሽ፣ አክስቴ ማለቱ ነው። መርማሪው እንኳ ስክሪኑን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ዛሬም ስልኬ ሲግናል ሲያጣ ያ ጉድጓድ ትዝ ይለኛል፤ አይከፋኝም።

መሐንዲሱ ስልኩን አጥፍቶ ሬዲዮዬን ከፈተ። ሽሽ አለች። መስመሩ ታች፣ ከዜሮ በታች መቶው አጠገብ እንደተኛ ቀረ። መሐንዲሱ የተናገረውን መርማሪው ጻፈ። አስተርጓሚው ከአረብኛው ሥር አማርኛውን ጽፎ አነበበልኝ፤

«መሣሪያው ከሁከት በቀር ምንም አያወጣም።»

«ምን አልክ?»

«ዶውዳእ ነው ያለው፤ ጫጫታ፣ ሁከት። ይፈርሙ እማማ፣ ለእርስዎ ጥሩ ነው።»

«መሣሪያ ይዛ ሁከት አወጣች ብለህ ልታስፈርመኝ? ምን ቀረኝ ታዲያ፣ ጫካ መግባት?»

ልጁ ደነገጠ። ይህ ወረቀት አገር ቤት ቢደርስ የሚነበበው አማርኛው ነው። እኔም ሬዲዮዋን አመለከትኩ። ሱራ ሠፈር ሰው ቤት ስሠራ ቴሌቪዥኑ እንዲህ ሽሽ ሲል ማዳም የምትጠራበት ቃል ነበራት።

«ወሽወሻ» አልኩ።

«ኢ፣ ወሽወሻ!» አለ መሐንዲሱ፤ አዎ ማለቱ ነው።

«በአማርኛ ምን ልበለው ታዲያ?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«ባዶ ድምፅ በለው። መሣሪያ ያልከውንም ሬዲዮ በል፤ ስም አላት።»

ሰርዞ ጻፈ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማንም አላቋረጠኝም። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ጠባቂዋ በሩን ከፈተችልኝ፤ ወደ ቤቴ ወጣሁ።