ለከርሞ

ቬልማ ታትልን ሳስታውስ ከፊቷ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሽርጧ ነው። በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ የከተማው ሰው በጋራ ጉዳዩ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ማክሰኞ ጠዋት ይሰበሰብ ነበር፤ እኔና እሷ ደግሞ በአዳራሹ ጓዳ ምሳውን እንሠራ ነበር። ዛሬ ምሳው ከሱቅ ተገዝቶ ይመጣል። ያ የባቄላ ሽታ፣ ያ ምድጃ አጠገብ የሚሰቀል እርጥብ ካፖርት ሁሉ ይናፍቀኛል።

ስብሰባው ሲጋመስ "መጣሁ" ትለኝና ሽርጧን ሳትፈታ ወደ አዳራሹ ትወጣለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ስብሰባው ማታ ይሁን።"

የከተማችን ግማሽ ሰው፣ ባሏ ሌስተርም ጭምር፣ ወንበር ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ጠዋት ሥራ ላይ ስለሚሆኑ፣ ስለ መንገዳቸውና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እነሱ በሌሉበት እጅ እየወጣ ይወሰን ነበር።

ሰብሳቢው ኦሪን ፔክ ላም አርቢ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀልድ ግን አያልፈውም።

"የሚደግፍ አለ?" ይላል።

በእኛ ዘንድ ሌላ ሰው "እደግፋለሁ" ካላለ ሐሳቡ ለውይይት እንኳ አይበቃም። አንድም ሰው አይደግፋትም። እኔ ከካናዳ ተድሬ የመጣሁ፣ ዜግነት የሌለኝ ስለሆንኩ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበረኝም፤ ጓዳ ሆኜ ድንች እልጣለሁ።

"ቬልማ፣ ደጋፊዎችሽ ሥራ ላይ ናቸው መሰለኝ" ይላታል ኦሪን።

"እኔስ እሱን አይደል የምለው?" ትልና ከሳቂዎቹ ጋር ትስቃለች። "እሺ፣ ለከርሞ።" ወደ ባቄላዋ ትመለሳለች።

እኔ ብሆን ሳህን እወረውር ነበር። አንድ ቀን "አያናድድሽም?" አልኳት።

"ያናድደኛል እንጂ። ግን እነዚሁ ሰዎች ናቸው መኪናዬን ከበረዶ ጎትተው ያወጡልኝ። ልባቸው ደህና ነው፤ የተበላሸው ሰዓታቸው ነው።"

አንድ ዓመት በስብሰባው ዋዜማ የወረደው በረዶ መንገዱን ሁሉ ዘጋው። ኦሪን ራሱ ከግቢው መውጣት ስላቃተው ስብሰባውን ወደ ማታ አዛወረው። ያሰበው ስለ በረዶው ብቻ ነበር። ማታ የፋብሪካው ሰዎች የእንጨት ብናኛቸውን ሳያራግፉ ገቡ፤ ወንበር ስላልበቃ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሌስተር ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ነበር።

ቬልማ ወጣችና ያችኑ የየዓመቱን ቃሏን ተናገረች። ከዚያ ልማድ ሆኖባት፣ ኦሪን አፉን ሳይከፍት፣ "እሺ፣ ለከርሞ" ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ከኋላዋ "እደግፋለሁ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌላ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እሷ ማማሰያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ኦሪን መድረኩን ትቶ ጓዳው በር ድረስ መጣ። ያን ማታ አልቀለደም።

"ነይ ተመለሺ፣ ቬልማ" አላት። "ከርሞ ደርሷል።"