የቀጂው አፍንጫ

አማቼን ሰፈሩ ሁሉ «ቀጂው» ነው የሚለው። ማደያ ውስጥ ቤንዚን ሲቀዳ ነው ያደገው፤ ጢሙ ሳይበቅል ገብቶ ፀጉሩ መሳሳት ሲጀምር ወጣ። ልጄን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ቀን ገና ከበሩ ሳይገባ ሸተተኝ። ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎበት እንኳ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ልጄን ወጥ ቤት ጠርቼ «ይሄ ሰውዬ አጠገብ ክብሪት እንዳትጭሪ» አልኳት። ሳቀች። አሳሳቋን ሳይ ነገሩ ያለቀለት መሆኑ ገባኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። አማት ስለሆንኩ አፌ አያርፍም እንጂ ከወለድኳቸው ወንዶች ይልቅ የሚታዘዘኝ እሱ ነው። ግን አንድ ጉድ አለው፤ አይሸተውም። ምንም! ያን ሁሉ ዓመት ቤንዚን ሲምግ ኖሮ አፍንጫው ሞተ። ድስት እያረረ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። የገዛ ካልሲው ቤቱን ሲያምሰው እሱ በሰላም ይተኛል። «አፍንጫዬ ጡረታ ወጥቷል እማማ፤ ለመነጽር ማስቀመጫ ብዬ ነው ያስቀረሁት» ይለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህኛው ደግሞ አፍንጫው ባዳ ሆነበት።

ማደያውን ትቶ መኪና ገዛ። መኪና ካሏት! ባህር ማዶ ስትነዳ ኖራ፣ አንቅረው ሲተፏት በመርከብ ተጭና መጥታ፣ እዚህም ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የከረመች አሮጊት ናት። ጠዋት የቢሮ ሠራተኞችን ከየደጃፋቸው እየለቀመ ያደርሳል፣ ከሥራ ሲወጡ ይመልሳል። ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው።

እንግዲህ የማይሸተው ሰው አሮጌ መኪና ሲይዝ ምን ያደርጋል? ሚስቱን ይቀሰቅሳላ! ጠዋት ሞተሩን ያስነሳና «ነይ እስቲ» ይላታል። ልጄ ሹራብ ደርባ፣ ዓይኗን እያሸች ትወጣለች። ኮፈኑ ጋ ጎንበስ፣ ጎማው ጋ ጎንበስ፣ ታንከሩ ጋ ጎንበስ እያለች ትዞራታለች። ከዚያ ወይ «ሂድ» ወይ «ቆይ» ትለዋለች። ካለችው ውልፍት አይልም። አዲስ የገባች ጎረቤታችን መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋ ላይ የምትጸልይ መስሏት ነበር። እኔ ግን አልስቅም፤ ሰው እንዴት ነፍሱን በሚስቱ አፍንጫ ላይ ያንጠለጥላል? መስኮት ላይ ቆሜ «ሂድ» እስክትለው ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ጠዋት «ቆይ» አለችው። «ከሞተሩ ኋላ ይሸታል።»

ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጎማ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል። ከሥሩ ደግሞ የጋለው የጭስ ማውጫ አለ። ጎማውን ነቅሎ መለዋወጫ ሻጭ ወዳጁ ዘንድ ሄደ። ወዳጁ የየት ዓመት ሥሪት እንደሆነች ሲሰማ ዓይኑን አፈጠጠበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና እኮ ፋብሪካው መልሱልኝ እያለ እየጠራት ነው! የቤንዚኑ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቅና የጋለ ብረት ላይ ያንጠባጥባል። እየነዷት የነደደችባቸው አሉ።»

«ታዲያ እኔን ማን ጠራኝ?»

«የሚጠሩትማ መጀመሪያ የገዛትን ነው።»

ቤት መጥቶ ሲነግረን ይስቃል። «የመጀመሪያ ባሏን ነው የጠሩት። እኔን ስንተኛው ነህ ብሎ ማን ይቆጥረኛል?» ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቁጭ አለ፤ ከዚያን ቀን በኋላ አልተነሳልኝም። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሂድ ሂድ ብዬ ስነዘንዘው ወደ መኪናዋ ኩባንያ ጋራዥ ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ የመኪናዋን ቁጥር ኮምፒውተሯ ላይ አይታ «አዎ፣ ጥሪው ውስጥ አለች፤ በነጻ ይቀየርልዎታል» አለችው። «ዕቃው ግን አልገባም። ሲገባ እንደውላለን። እስከዚያ ባይነዷት ይመረጣል።» በፈገግታ ነው የምትለው። ባይነዷት ይመረጣል! እስከዚያ ባትበሉም ይመረጣል አትልም?

ጥቂት ቀን አቆማት። መኪናዋ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቆመች፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ይደውላሉ፤ «ዛሬም የለህም? ሌላ ሰው እንፈልግ እንዴ?» እሱ ሲያቃስት ይውላል። አንድ ቀን አትክልቴን ላጠጣ ጓሮ ብወጣ የማጠጫዬ ጎማ አጥሯል። ቆርጦታል! አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልክክ ያለ ቁራጭ። በሽቦ ጥርቅም አድርጎ መኪናዋ ላይ አስሮታል።

«አዩት እማማ? ጠብ አይልም! ውሃ ያላፈሰሰ ጎማ ቤንዚን አያፈስም።»

ማደያ ውስጥ ያረጀ ሰው እንዲህ ሲል! ለቤንዚን ያልተሠራን ጎማ ቤንዚኑ እንደሚበላው ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን ሰው ሲቸግረው የሚያውቀውንም ይረሳል። ልጄ ዞራ አሸተተች። ምንም የለም። «ሂድ» አለችው፣ ሄደ። በማግስቱም ሄደ። እንደዚያ እያለ ከረመ፤ የጋራዡም ስልክ ሳይደወል ከረመ።

ከዚያ ልጄ አረገዘች። ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ብቻዬን ጓሮ ገብቼ ጨፈርኩ። ግን የነፍሰ ጡር አፍንጫ ታውቁ የለ? ሳሙናው ሸተተኝ፣ ሽንኩርቱ ሸተተኝ፣ ግድግዳው ሸተተኝ ትላለች። እኔን እናቷን የፀጉር ቅባትሽ ሸተተኝ ብላ ከክፍሏ አባረረችኝ። መኪናዋ ዘንድማ በየጠዋቱ «ቆይ፣ ይሸታል» ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ቀጂው ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጎማውን በጣቱ ይዳብሳል፤ ደረቅ ነው። እኔም ወጥቼ አሸታለሁ፤ ምንም አይለኝም። «የእርግዝናው ነው» አለ። ሲቆይ ጭራሽ መጥራቱን ተወው፤ ሳትነቃ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መኪናዋ የለችም። ባዶውን ቦታ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማዬ፣ ከምንጊዜውም በላይ የሚሸተኝ እኮ አሁን ነው። አሁን ነው ወይ የማታምኑኝ?»

ክው አልኩ። እውነቷን ነዋ! ሳይሳል አፍንጫዋን አምነን ስንኖር፣ ሲሳል ጊዜ ካድነው። ያን ዕለት ምድጃውን ከመስኮቱ አርቄ ወዲያ ጥግ ወሰድኩት። ክብሪቱን ልብሴ ውስጥ ደበቅኩት። ቀጂው ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«አንተ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው! ንቀላት ያቺን የአትክልት ጎማ!»

«እማማ፣ ግድግዳውም ሸተተኝ ብላለች እኮ። ቤቱንም ልንቀለው?»

ሰው ይቀልዳል፤ ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ ግን ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እሮጣለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር «ጋራዡ ነው?» እላለሁ። አይደለም። ከሥራ ሲመለስ የሞተሯን ድምፅ ከመንገዱ ጥግ ስሰማ ነው ወገቤ የሚላቀቅልኝ፤ እስከ ነገ።

ምጡ የመጣው ባላሰብነው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ለአምቡላንስ ብንደውል መስመሩ ተይዟል። መኪና ያለው ጎረቤት ሁሉ ሥራ ወጥቷል። ቀጂው ለምሳ መጥቶ ስለነበር ሮጦ ሞተሯን አስነሳ። ልጄ ደረጃው ላይ ደርሳ ቀጥ አለች።

«በሷ አልሄድም።»

«እና በምን ልውሰድሽ የኔ እናት?» አልኳት። ሌላ ምን ነበረን? እጇን ይዤ አስገባኋት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። መስኮቱን ሁሉ አወረድኩ።

መንገዱ ተዘግቷል። መኪናው ተደርድሮ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ደግሞ ይቆማል። ልጄ ምጡ ሲመጣባት ክንዴን ትነክሳለች፤ ሲለቃት ደግሞ ቀና ብላ ታሸታለች። በዓይኔ አየኋት፤ ላብ ፊቷ ላይ እየወረደ አፍንጫዋ ይነፋፋል።

«እማዬ፣ ይሸታል።»

«አይዞሽ፣ የሌሎቹ መኪና ነው።»

«አይደለም።»

ወዲያው ለእኔም ሸተተኝ። ለእኔ ለአሮጊቷ! ልጄን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ የሸተተኝ ያ ሽታ ነው፤ አሁን ግን ጉሮሮ ይይዛል። በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ የቤቴ ሰው ሁሉ ነበረ፤ ልጄ፣ የልጄ ባል፣ ገና ፊቱን ያላየሁት የልጅ ልጄ።

«አንተ፣ አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«እማማ፣ ሆስፒታሉ እኮ ያውና! ሕንፃው እየታየ…»

«ቆይ!» አለች ልጄ። ድምጿ የሷ አይመስልም። «ቆይ ነው የምልህ! ቆይ!»

ያቺ የጠዋት ቃል! ሲሰማት እግሩ ከሱ ቀድሞ ፍሬኑን ረገጠ። ቁልፉን አጠፋ። በሩን ከፈተ፤ ለሁለት ደግፈን አወጣናት፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ግንብ ሥር አስጠጋናት። ቀጂው ወደ መኪናዋ ሮጦ ተመለሰ። ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ ነገር ይወጣል፤ እንፋሎት ይሁን ጭስ አይለይም። እጁን ኮፈኑ ላይ አደረገ።

«እንዳትከፍተው!» ብላ ልጄ ጮኸች።

ዞሮ አያት። ለሱ ምን አለው? ሽታ የለ፣ እሳት የለ፤ ያቺው የፈረደባት አሮጊት መኪናው ሞቃለች፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት። ስንት ጠዋት ነው ትቷት ሹልክ ያለው! እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ደግሞ ልጄን ደግፌ ግንቡን ይዣለሁ። እያያት እጁን አነሳ። ወደ እኛ መራመድ ጀመረ።

መሃል መንገድ ሳይደርስ ከኋላው ዱፍ አለ። እሳቱ ከሥሯ ተነስቶ በኮፈኑ ጠርዝ ሁሉ ወጣ፤ የፊት መስታወቷ ተንጣጣ። ቢከፍተው ኖሮ ፊቱ የነበረው እዚያ ነው። እሳት ካየው ምን ለየው አሉ! ሰዉ ጮኸ፤ ከየሱቁ አሸዋና ውሃ ይዘው ወጡ። ቀጂው ግን የኋላውን አላየም። ከሚስቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ጫማዋን ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

ከፊታችን የነበረ ባለታክሲ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ወሰደን። ጥሩንባውን ሲነፋ ሰልፉ ሁሉ ጥግ ያዘለት።

ሴት ናት። ደህና ናት። ስትወጣ አለቀሰች፤ እኔም በር ላይ ሆኜ አብሬያት አለቀስኩ። ወደ ክፍሉ እንደገባን የቀጂው ስልክ ጮኸ። የጋራዡ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዕቃው ገብቷል! መኪናዋን ነገ ማምጣት ይችላሉ።»

«ተቃጥላለች» አላት።

«ውይ፣ ይቅርታ። እንግዲያው ተራዎን ለሌላ ሰው ልስጠው?»

«አዎ። ዛሬውኑ ስጪው፣ ዛሬውኑ» አለና ዘጋው።

ሕፃኗን ሰጠሁት። አያያዙን አሳየሁት፤ አንገቷን፣ ወገቧን። ሰው ሁሉ ሕፃን ሲይዝ የሚያደርገውን አደረገ፤ አፍንጫውን አናቷ ላይ ደፍቶ ሳብ አደረገ። ጠበቀ። እንደገና ሳብ አደረገ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነው፤ እሳቱ ፊት እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

«ምን ትሸታለች?» አለ።

የለመደብኝ ተረብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። አንጀቴን በላኝ። ልጄ ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ «አምጣት» አለችው። አናቷን አሸተተች፣ አንገቷን አሸተተች፣ እግሯን ፈታ አሸተተች፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን እንደምትዞራት ሁሉ ምንም ሳትዘል። እሱ ትንፋሹን ይዞ አፏን ያያል።

«ወተት ወተት ትላለች» አለችው። «ትንሽ ደግሞ ጭስ አለ። እሱ ከኔ ፀጉር ነው።»

«ሌላስ?» አላት።

ደግማ አሸተተችለት።