አሮጌው ማሽን የተጫማው ባራባሶ

አቃቂ፣ የፋብሪካችን ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ፊልም አሳይ ነበርኩ። የባቡሩ ሐዲድ ከአዳራሹ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ባቡር በመጣ ቁጥር አዳራሹም ሻንጣውን ይዞ ድሬዳዋ ሊሄድ የተነሣ ይመስል ነበር። በማሽን ክፍሉ ውስጥ አሮጌው ማሽንና ጋሼ፣ አዲሱ ማሽንና እኔ ነበርን።

ጋሼ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። መፍተያ ክፍል ሲሠሩ የጥጥ ብናኝ ደረታቸውን ስለጎዳው፣ ሐኪም ከአቧራ ይራቁ ብሎ ነው ወደ እኛ የመጡት።

የእሳቸው ማሽን ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ክብደቱ ከባቡሩ ራስ ቢያንስ በሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ብርሃን የሚሰጠው ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ሲነድዱ ነው። እየነደዱ ስለሚያጥሩ ቆሞ በእጅ ማቀራረብ ያስፈልጋል፤ ለአፍታ ከዘነጉ ተዋናዩ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የእኔው በአምፖል ይሠራል። ቁልፉን ተጫን፣ ቁጭ በል፣ ቆሎህን ቆርጥም።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽንዎ ፊልም ከሚያሳይ ዳቦ ቢጋግር አይሻለውም?»

«ያንተው ደግሞ ሰዉን ሁሉ የወፍ በሽታ ያስያዘው ምነው? የፊልሙን ሙሽራ አየሃት? ቢጫ!»

እውነታቸውን ነበር። በአሮጌው ማሽን ሲታይ፣ ፊት ፊት ይመስላል፣ እንባ እንባ ይመስላል። አውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አፌን ሞልቼ አልነገርኳቸውም።

ታዲያ ካርቦን ከገበያ እየጠፋ መጣና የክበቡ ኮሚቴ አንድ ማሽንና አንድ ሰው ይበቃል አለ። እሁድ ከሰዓት ተሰብስበው የአንድ ፊልም ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ አይተው ሊወስኑ ነው። የተሸነፈው ማሽን መጋዘን ይገባል፤ ሰውየውም ወደ ቀድሞ ክፍሉ ይመለሳል። እኔ ብሸነፍ የምመለሰው ኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ ምን ጎደለኝ? እሳቸው ግን መፍተያ ክፍል።

አሮጌው ማሽን አንድ ምስጢር ነበረው። ጋሼ ከአሮጌ ባራባሶ ሶል አራት ቁራጭ አውጥተው ከአራቱ እግሮቹ ሥር አድርገዋል። ባቡር ሲያልፍ ጎማው ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ሸራው ላይ ያለው ምስል ንቅንቅ አይልም። የእኔው ማሽን ባዶ እግሩን ስለሆነ ባቡር ሲመጣ እስክስታ ይወርዳል።

እሁድ ጠዋት፣ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ አራቱን ቁራጮች አውጥቼ አዲሱን ማሽን አጫማሁት። ለቀልድ ነው እንዳልል፣ ከጋራዥ የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሻለሁ። ለቀልድ ክሪክ የሚዋስ ሰው የለም።

ጋሼ የደስ ደስ ያለው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡና ማሽናቸውን አስነሡ። ወዲያው የዕቃው ባቡር መጣ። ሸራው ላይ ንግግር የሚያደርገው ሽማግሌ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ ጢሙ አንድ ቦታ፣ አገጩ ሌላ ቦታ። ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ፣ የዕቃውን ባቡር ለማሳለፍ ጣቢያው ውስጥ ቆሞ የነበረው ሌላ ባቡር ተነሥቶ በተራው አለፈ። የእኔው ማሽን ቀጥ! ሊቀመንበሩ ወደ እኛ መስኮት ዞሮ አጨበጨበልኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በዚያ ዘመን ግን «አሻጥር» የሚሉት ቃል ነበር፤ ሰው የሚያሳስር ቃል። ፈራሁ ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የማሽናቸውን እግር ዳበሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ወደ እኔ ማሽን እግር አዩ።

«ልክክ ብሎለታል» አሉ። «ግራ የኋለኛው ሲያረጅ ቀይርለት፤ እሱ ነው ቶሎ የሚሳሳው።»

ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ መፍተያ ክፍል ገቡ።

ብዙ ነገር አጋንኜ ነው የማወራው፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። ይህን ግን አላጋንንም፦ ጋሼ ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ ፊልም ለማየት ይመጡ ነበር። የኋለኛው ወንበር ላይ፣ ልክ ከመስኮቴ ሥር ይቀመጣሉ። ፊልሙ ጸጥ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ሳላቸው ይሰማኛል። እኔም እጄን ወደ ድምፁ ቁልፍ እሰድና ከፍ አደርገዋለሁ።