በፎይል የተጠቀለለው ፓስፖርት

በአዲሱ ፓስፖርቴ ሽፋን ውስጥ ቺፕ አለ። ሳይነካ በአየር ላይ እንደሚነበብ ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ በኩሽና ፎይል ጠቅልዬ እይዘዋለሁ። ከቀድሞ ባለቤቴ ከተለየሁ ወዲህ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር መኖሬን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እሱ እዚሁ ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው፤ ያገኘውን ሐበሻ ሁሉ ስለ እኔ ከመጠየቅ አይቦዝንም።

የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያሳድስልኝ ጠበቃ ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው በር ላይ ዘበኛው ፓስፖርቴን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ላሳይህና ይዤው ልግባ» አልኩት በስዋሂሊ።

«ማዳም፣ መታወቂያ እኔ ጋ ሳይተዉ መግባት አይቻልም።»

ፈቃዴ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ሰጠሁት። የእንግዶችን መዝገብ ገፋ አደረገልኝ። ባዶ ቦታ መተው ስንፍና ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና፣ ስሜን እስከ አያቴ፣ የፓስፖርቴን ቁጥርና ስልኬን፣ «የመጡበት» በሚለው ሥር ደግሞ ኪሌሌሽዋን ከነሕንፃው በጥንቃቄ ጻፍኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስወርድ ፓስፖርቴ ብስኩት ካርቶን ውስጥ ከሌሎች መታወቂያዎች ጋር ራቁቱን ተቀምጧል።

«ሳምቡሳ መስሎኝ ከፈትኩት» አለ ዘበኛው፣ የተጨማደደውን ፎይል እያቀበለኝ። «ፓስፖርትዎን ይበርደዋል?»

መልሼ ስጠቀልል ዓይኔ መዝገቡ ላይ አረፈ። ከእኔ ሦስት መስመር ከፍ ብሎ የአንዲት ሐበሻ ሴት ስም፣ ስልኳ፣ ላቪንግተን የምትኖርበት ግቢ። ሳላጎነብስ አነበብኩት። የአብዛኛው ሐበሻ ፈቃድ የሚያልፈው በዚህ ጠበቃ እጅ ነው፤ የቀድሞ ባለቤቴም።

«የእኔን መስመር ልሰርዛት?»

«መዝገብ አይሰረዝም፣ ማዳም። እኔን ያባርሩኛል።»

ገጹ ሞልቶ ሊገለበጥ ዘጠኝ መስመር ቀርቶታል። ሰው የምጠብቅ መስዬ ከበሩ ጎን ቆምኩና የሚገባውን መቁጠር ጀመርኩ። የሚበዙት የማይነበብ ነገር ጫር አድርገው ያልፋሉ፤ አንዱ ዘበኛውን እያነጋገረ፣ መዝገቡን እንኳ ሳያይ ጻፈ። እንዲህም ይቻል ኖሯል። ዘጠነኛው እንደገባ ዘበኛው ገጹን ገለበጠ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ማዳም» አለ፣ ገጹን መልሶ ገልጦ ጣቱን ስሜ ላይ አሳርፎ። «የመውጫ ሰዓት አልሞሉም።»

ሞላሁ። ገና ያልወጡት ሰዎች ስምም እዚያው ገጽ ላይ ነበረና፣ ዘበኛው ስሜ ያለበትን ገጽ እንደተገለጠ ተወው።