የእትዬ አስካለ ቃል በካናዳ ቀን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኤድመንተን

ዛሬ ጁላይ አንድ፣ በእኛ ሰኔ 24፣ የካናዳ ብሔራዊ በዓል ነው። ከተማዋ ገና አልነቃችም፤ እኔም በዓሉን በእንቅልፍ ባከብረው አልጠላም ነበር። ግን የድሮ የሰፈሬ ልጅ ደረጀ ከካልጋሪ ደውሎ «እማዬ በካናዳ ቀን ዜግነት ትቀበላለች፣ ካልመጣህ እቀየምሃለሁ» ስላለኝ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬአለሁ።

ሹፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። በበዓል ቀን መሥራት አይሰለችህም ወይ አልኩት።

«ወጣቶቹ ሹፌሮች ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ማውጫው ሄደዋል» አለኝ። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መሪው የሚዞረው ከስንት አንዴ ነው። ግራና ቀኙ ካኖላ የሚባለው የዘይት እህል ቢጫ አበባውን ማውጣት ጀምሯል። በመሐል በመሐል የነዳጅ ፓምፖች ብቻቸውን ቆመው ይነቀነቃሉ። እኩሌታው መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፣ ሬድ ዲር፣ ለሩብ ሰዓት ቆምን። ቡናና ዶናት ሦስት ዶላር አይሞላም። በሩ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አጠገቡ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ ሠራተኛ አጥቶ ጭራሹን ተዘግቷል።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ካልጋሪ

ደረጀ ከመኪናው ወርዶ አቀፈኝ። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። «ቦሴ ዛሬም ሺፍት ግባ ብሎ ሦስት ጊዜ ኮል አደረገልኝ፤ ስልኩን አጠፋሁት» አለ።

ከፊት ወንበር እናቱ እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን በወጉ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባለው ሰፈራቸው ያለች ጎረቤታቸው የሰጠቻቸው፣ በካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ዓይነት ቀይ የሜፕል ቅጠል ተሰክቷል። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሚቸኩሉበትን ጉዳይ ደረጀ በስልክ ነግሮኛል። ሮም ያለችው ሴት ልጃቸው ስንዱ ነሐሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች፣ የሚያርሳት ዘመድ የላትም። እሳቸው በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ሁለት ጊዜ የጣልያን ቪዛ ጠይቀው ሁለቴም ተከልክለዋል። የካናዳ ፓስፖርት ከያዙ ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ዛሬ ካለፈ ግን ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ ሕፃኑም ቀጠሮ አይጠብቅም።

ዳውንታውን፣ መሐል ከተማው፣ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ ዜግነቱን ወስደሃል አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት እጅ አንስቶ መማል አለበት አለችኝ። ደረጀ ያስጠናኝ የእንግሊዝኛ ቃል መሐላ ነው?»

ደረጀ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠብኝ። ምን እንደፈለገ ገብቶኛል፤ ግን በእሳቸው ዕድሜ ያለን ሰው ፊት ለፊት መዋሸት አልሆነልኝም።

«መሐላ ነው» አልኩ።

«ስፒች ነው ብለኸኝ ነበር እኮ» አሉት ልጃቸውን።

«ያው ስፒች ነው እማዬ። ሁሉም የሚለው ነገር ነው።»

«እንግዲያው አልገባም።»

ደረጀ ፓርክ ካደረገ በኋላ ነው ነገሩን ያጫወቱኝ። አጎታቸው በድንበር ክርክር በሐሰት ምለው የአባታቸውን መሬት ወሰዱ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በእውነትም ይሁን በሐሰት የማለ ልጄ አይደለም ብለው ገዘቱ። እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲህ ምለው አያውቁም። ባላቸው ሲሞቱ በቤት ክስ ፍርድ ቤት ቀርበው አልምልም በማለታቸው ቤቱን ተረትተዋል።

«ቤቴን ያስከፈለኝን ግዝት እዚህ መጥቼ ላፍርሰው?» አሉ። በዚያች ሰዓት አፌን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አዳራሹ

የነዳጅ ኩባንያዎቹ ፎቆች ዛሬ ሰው አልባ ናቸው፤ ፎቅ ከፎቅ የሚያገናኙት የመስታወት ድልድዮችም ጭር ብለዋል። ግርግሩ ያለው መሬት ላይ ነው። ከአዳራሹ በር ውጭ የካውቦይ ባርኔጣ ያደረጉ በጎ ፈቃደኞች ለመጣው ሁሉ ፓንኬክ በነፃ ያድላሉ። አንዱ ለእትዬ አስካለ ሳህን ዘረጋላቸው።

«እንቁላል አለበት?»

«አለበት» አልኳቸው።

«የሐዋርያት ጾም ነው በለው» ብለው ጎንበስ በማለት አመሰገኑት። ሰውየው ምንም ባይገባውም እሱም ጎንበስ አለ።

ደረጀ ክንዳቸውን ያዘ። «እማዬ፣ ሰው መካከል ቁሚና ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። በቃ።»

«ይኸማ ከመማል ይብሳል። ስንዱን የረሳኋት አይምሰልህ፣ ሌሊቱን ስለእሷ ሳስብ ነው ያደርኩት።» ዓይናቸው እንባ ቋጥሯል።

ጥፋቱ የእኔ ስለመሰለኝ ስም ወደምትመዘግበው ሴት ሄድኩ። ጠቃጠቆ የበዛባት፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት አንድም አልገረማትም። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ እንደሚመጡ፣ መማል የማይፈልግ ሰው ቃሉን ብቻ መስጠት እንደሚችል፣ ዜግነቱም ያው እንደሆነ ነገረችኝ። ተመልሼ ተረጎምኩላቸው።

«የእግዜር ስም አይነሳም?»

«አይነሳም።»

«ቃሌን ባፈርስስ?»

ሄጄ ጠየቅኳት። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እትዬ አስካለን ተመለከተቻቸው፤ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ።

እትዬ አስካለ ብዙ አሰቡ። ደረጀ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ቃል ከመሐላ አይቀልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አባቴ ቃል አትስጪ አላለኝም። ምን ብዬ ቃል እንደምሰጥ አንድ በአንድ ንገሩኝ።»

ለእንግሊዟ ንግሥት መታመን፣ የካናዳን ሕግ ማክበር፣ የዜጋን ግዴታ መወጣት እያልን ነገርናቸው። ለንግሥቲቱ የሚለው ላይ አስቆሙን። «ክፉ ሴት ናት እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አይደሉም አልናቸው።

መሐላውን የሚያስፈጽሙት ዳኛ ሲገቡ ሁሉም ተነሣ። ቀይ ኮት የለበሰ ፖሊስ በጎን ቆሟል። ፊሊፒኖው፣ ሱዳናዊው፣ ቻይናዋ እየተንጫጩ ቃሉን ተቀበሉ። እትዬ አስካለ ከሁሉም ዘግይተው፣ ቃል በቃል፣ እንግሊዝኛውን እየሰበሩ ተናገሩ። ሠራተኞቹ የነዋሪነት ካርዳቸውን ተረከቧቸውና የዜግነቱን ወረቀት ሰጧቸው።

ስምንት ሰዓት፣ የቦው ወንዝ ዳር

ፓርኩ ሞልቷል። ካናዳውያን በዓላቸውን ሣር ላይ በመቀመጥ ያከብራሉ። ታንክ አይታይም፣ ረጅም ንግግር የለም፤ ጉንጫቸው ላይ ባንዲራ ይሥላሉ፣ ትልቅ ኬክ ይቆራረሳል፣ ለሆት ዶግ ይሰለፋሉ፣ ፀሐይዋንም ዳግም እንደማትወጣ ሁሉ ይሞቋታል። ለሦስት ሰዓታት ስዞር ስለ አገሩ ፍቅር ሲያወራ የሰማሁት አንድም ሰው የለም። ግማሹ የሚያወራው ስለ ቤት ኪራይ ነው።

የደረጀ ስልክ ጮኸ። ስንዱ ናት፣ ሮም ላይ መሽቷል። እትዬ አስካለ ስልኩን ተቀብለው ስለ እግሯ ማበጥ፣ ስለ ምግቧ ጠየቋት። አዎ ተቀብያለሁ አሏት። ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወንዙን እያዩ ያዳምጧት ጀመር።

ደረጀ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ካረገዘች ጀምሮ እሑድ እሑድ ትመጫለሽ ወይ ትላታለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «እማዬ አንድ ቀን አዎ ብላት አታውቅም። የማትፈጽመውን አትናገርማ። ስንዱ ደግሞ አኩርፋ መጠየቁን ትታው ነበር። ዛሬ ጠይቃት ይሆናል።»

«እመጣለሁ» አሉ እትዬ አስካለ።

ልቅሶው ከስልኩ አልፎ እኛ ጋ ተሰማ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሏት። «እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»