ሳይቀምሱ ጨው የመጠኑት ወይዘሮ ሙሉነሽ

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወይዘሮ ሙሉነሽ ኦክላንድ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ምክንያቱ ለዓመታት ሲታከሙት የኖሩት የልብ ሕመም ነው። አንድ ልጃቸው ሩትና ባሏ ኬቨን አጠገባቸው ነበሩ። እኔ የቤቱ ምድር ቤት ተከራይ ነኝ፤ የሩትን ሩጫ ከጣሪያዬ በላይ ሰምቼ ወጣሁ። ስደርስ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እዚሁ አቅራቢያ አልባኒ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አብራችኋቸው ሠርታችኋል፤ በጽዋ ማኅበር አብራችሁ ተቀምጣችኋል፤ በዲቪ መጥታችሁ እዚሁ ኒውአርክ ቤት እስክታገኙ ድረስ ሳሎናቸው ውስጥ አድራችኋል። ደግ ነበሩ ትላላችሁ። ልክ ነው። ነገር ግን ሥራዬ ዘገባ ነውና «ደግ» የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ መተው አይሆንልኝም። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። እትዬ ሙሉ የአሳማ ሥጋ ዳምፕሊንግ የሠሩበት ቅዳሜ ነው። ወሬው በማኅበሩ ብዙ ተወርቷል፤ የተወራው ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሳን ሆዜ ነው። ሩትና ኬቨን ከተጋቡ በኋላ በመጣው የቻይኖች አዲስ ዓመት፣ የኬቨን እናት ወይዘሮ ሊን እትዬ ሙሉን እራት ጠሩ። መኪናውን የነዳሁት እኔ ስለነበርኩ አብሬ ተጋበዝኩ። ጠረጴዛው መሀል ትልቅ ሳህን ዳምፕሊንግ ቀረበ፤ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ በፈላ ውሃ የተቀቀለ። ወይዘሮ ሊን በቾፕስቲክ እያነሱ እንግዳቸው ሳህን ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ወጉ እንደኛ ጉርሻ ነው። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ካዩ ይጨምራሉ።

እትዬ ሙሉ አሳማ አይበሉም። «በእምነቴ አልበላም» ማለት ይበቃ ነበር፤ አላሉም። ሩትም ለአማቷ አስቀድማ አልነገረችም፤ ኬቨን ነግሯት ይሆናል ብላ ነበር፤ ኬቨን ደግሞ ሩት ነግራታለች ብሎ። እትዬ ሙሉን ይሉኝታ ያዛቸው። በሰው ቤት የቀረበ መግፋት አይሆንላቸውም። ሶፍት ጭናቸው ላይ ዘረጉና አንድ በአንድ እየጠቀለሉ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሳህኑ ባዶ በሆነ ቁጥር ወይዘሮ ሊን ደስ እያላቸው ጨመሩ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ አያለሁ፤ ጨጓራዬን ምክንያት አድርጌ ሩዝ እበላለሁ።

ልንወጣ ስንል እትዬ ሙሉ ጫማቸውን ለማድረግ በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ቦርሳው ተከፈተ። ሶፍቱ ወድቆ ተፈታና ዳምፕሊንጎቹ በጫማዎቹ መሀል ተበተኑ። ወይዘሮ ሊን ተንበርክከው ይለቅሙ ጀመር። እትዬ ሙሉ ሊያግዙ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ወይዘሮ ሊን ያንን እጅ ገፉት።

ወደ ኦክላንድ እስክንመለስ እትዬ ሙሉ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የናቅኳት መሰላት፤ ምግቧን እንደ ቆሻሻ ቆጠረችብኝ አለች በልቧ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እናቶች አልተገናኙም። ሩት አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ እየተመላለሰች ዓመቱ አለቀ። አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ አንድ ምሽት መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች።

«ማሚ፣ ሊስን። የኬቨን እናት አንድ ወር እኔ ጋ ልትሆን ትፈልጋለች፤ የእነሱ ካልቸር ነው። አንቺም ላርስሽ እያልሽ ነው። በት ዩ ካንት ኢቭን ሲት አት ዋን ቴብል፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አትቀመጡም። እንደዚህ ከሆነ ማናችሁም አትመጡም።»

«አራስ ቤት እናት ሳትገባ? ማን ገንፎ ያገንፋልሽ?»

«ኖባዲ፤ ማንም። አይ ሚን ኢት፣ ማሚ፤ የምሬን ነው።»

ስትወጣ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻል ነበር። እትዬ ሙሉ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለኬቨን ቴክስት አድርግልኝ። እናቱን ይዞ ቅዳሜ ይምጣ። ዳምፕሊንግ እሠራለሁ።»

«የዶሮ?»

«የአሳማ።»

ወሬው የማኅበር ጓደኛቸውን እትዬ በላይነሽን በማግሥቱ አመጣቸው።

«ሙሉዬ፣ ዘንድሮስ ጉድ ነው! አሳማ በየትኛው ድስት ልትሠሪ?»

«በአዲስ ድስት።»

«ከዚያስ ድስቱ?»

«እዚያው ለሊን ይሄዳል።»

«አንቺ ሴት፣ ዶሮ አድርጊበት። ማን ያውቅብሻል?»

«እሷ ታውቃለች። መሬት ላይ የጣልኩባት አሳማ ነው። በዶሮ ይቅርታ አይጠየቅም።»

«የማኅበሩ ሴቶች ምን ይላሉ?»

«አንቺ ካልነገርሻቸው ምንም።»

እትዬ በላይነሽ እየሳቁ ወጡ። እስከ ማታ ማኅበሩ በሙሉ ሰምቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ከኦክላንድ ቻይናታውን ሥጋውን ገዝተን ተመለስን። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚሻል የነገረቻቸው ሻጯ ናት፤ ስቡ ካልገባበት ይደርቃል ብላ። እትዬ ሙሉ ጓንት አጠለቁ። ጥቅል ጎመኑን አድቅቀው ከትፈው ጨው ነሰነሱበት፤ ውሃውን ሲተፋ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቁት። ሥጋውን ከዝንጅብል፣ ከሽንኩርት ቅጠል፣ ከሶይ ሶስና ከሰሊጥ ዘይት ጋር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አማሰሉ፤ እንዲያያዝ። ሊጡን ቀደም ብለው አቡክተው አሳርፈውት ነበር። ሲያማስሉ አልተነፈሱም ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ጨው ላይ ደረሱ። በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን፤ ሁለታችንም አንበላም።

«ማን ሊቀምስልዎት ነው?» አልኳቸው።

«የፋሲካን ዶሮ ወጥ ማን ይቀምሳል?» አሉኝ።

እውነት ነው። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ ነው፤ ሠሪዋ ጠብታ ምላሷ ላይ አታደርግም። ጨውን በአፍንጫዋ ነው የምትለየው። እትዬ ሙሉ ጎድጓዳ ሳህኑን አንስተው ፊታቸውን ወደ ጥሬው ሥጋ ዝቅ አደረጉ፤ ቁንጥር ጨመሩ፤ እንደገና አሸተቱ። የአሳማ ሥጋ ግን በዕድሜያቸው አሽትተው አያውቁም። ግንባራቸው ተቋጠረ።

የበሩ ደወል የጮኸው በዚህ መሀል ነው።

ወይዘሮ ሊን ከሩትና ከኬቨን ጋር ገብተው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። አዲሱን ድስት አዩ፤ ጓንቱን አዩ። በቻይንኛ አጠር አድርገው አንድ ነገር አሉ። ኬቨን አልተረጎመውም።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ሙሉ።

ኬቨን ሚስቱን አየ። «ሺ ሴድ... ሁ ኢዝ ጎና ኢት ኢት?»

ሩት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ማን ሊበላው ነው አለች።»

«ንገሪያቸው። እሳቸውና ልጃቸው። እኔ አልበላም። ያኔም አልበላሁም፤ እምነቴ ነው። ምግባቸውን ንቄ አይደለም። መናገር ሲገባኝ አፍሬ ደበቅኩ።»

ሩት ወደ እንግሊዝኛ፣ ኬቨን ወደ ቻይንኛ መለሱት። ቃሉ ሁለት ቋንቋ አልፎ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ወይዘሮ ሊን ፊታቸው አልተፈታም። አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«የማትበዪ ከሆነ ጨው መብቃቱን በምን ታውቂያለሽ እያለች ነው» አለች ሩት።

እትዬ ሙሉ ሳህኑን ወደ አፍንጫቸው አነሱ።

ወይዘሮ ሊን ሁለት እርምጃ መጡና ሳህኑን ከእጃቸው ወሰዱት። ሊደፉት መሰለኝ፤ ሩትም እንደዚያ መስሏት «ፕሊስ» ብላ ነበር። ወይዘሮ ሊን ፊታቸውን ጥሬው ሥጋ ላይ ደፍተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ቀና አሉ፤ እንደገና ሳቡ።

«ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለ ኬቨን በእንግሊዝኛ፣ ለማንም ሳይሆን። «ጥሬ አሳማ አይቀመስም። እናቷም እንደዚሁ።»

ወይዘሮ ሊን ከጨው ዕቃው ቁንጥር አነሱ፤ ቀንሰው ግማሹን መለሱ፤ የቀረውን ነሰነሱ። ሳህኑን ለእትዬ ሙሉ መልሰው ሰጡ። እትዬ ሙሉ አሸተቱ።

«ልክ ናቸው። ፈርቼ አሳንሼው ነበር።»

ይህ ሲተረጎም ወይዘሮ ሊን ኮታቸውን አወለቁ።

ሊጡን ወይዘሮ ሊን በመዳመጫ እያሳሱ እትዬ ሙሉ ሞሉ። ወይዘሮ ሊን ጠርዙን እንደ ግማሽ ጨረቃ ያጥፉታል። የእትዬ ሙሉ ጣት እሺ አላለም፤ ሳያውቁት ጠርዙን እንደ ሹሩባ ጎነጎኑት። ወይዘሮ ሊን አንዱን አነሱና ከእትዬ ሙሉ ሹሩባ አጠገብ ይዘው አመሳሰሉት። የመጀመሪያው ሳቅ እዚያ ላይ ነው፤ የሳቀችው ግን ሩት ነበረች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረ።

ውሃው ሲገነፍል ቀዝቃዛ እየጨመሩ ሦስቴ አፈሉት። ለማጥቀሻው ሶይ ሶስ፣ ኮምጣጤና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ተደባለቀ። እትዬ ሙሉ «ይሄማ የቻይና ዳጣ ነው» ብለው ሚጥሚጣ ጣል አደረጉበት። ወይዘሮ ሊን ሳላቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ እንደገና አጠቀሱ። እትዬ ሙሉ እስከ መጨረሻው ቆመው አሳለፉ። ሩት «ቁጭ በይ» ብትላቸው «እንግዳ ሳይጠግብ የቤቱ ሰው አይቀመጥም» አሉ። ወይዘሮ ሊን ይህ ሲነገራቸው ሳህናቸውን ገፍተው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላቸው።

አራስ ቤት ሁለቱም ገቡ። አንዷ ገንፎ፣ አንዷ የዝንጅብል ሾርባ ይዛ። መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው ግን ተባብረው ሩትን አሸነፏት፤ አልተከፈተም።

ከዚያ ወዲህ በየአዲስ ዓመቱ ሁለት ዓይነት ዳምፕሊንግ ይሠራ ነበር። የአሳማው በጨረቃ ይታጠፋል። ለእትዬ ሙሉ የሚሆነው፣ ጎመንና እንጉዳይ ብቻ ያለበት፣ በሹሩባ ይዘጋል፤ ማንም እንዳይሳሳት። ሥርዓቱን ያወጡት ወይዘሮ ሊን ናቸው። ጉንጉኑን ለመልመድ ብዙ ሊጥ አበላሽተዋል።

እትዬ ሙሉ፣ ሁልጊዜ ከሥራ ስመለስ «ዛሬ ምን አጣራህ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬም ልንገርዎት። ድንኳን አልተጣለም፤ ሳሎኑ በቃ። እትዬ በላይነሽ ከትናንት ጀምሮ አልተኙም፤ ሲያለቅሱም ሰው ሲያዝዙም እኩል ነው። ሩት በአማርኛ እያለቀሰች ነው፤ ሰምቼያት አላውቅም ነበር። የልጅ ልጅዎ ነጠላዎን አልሰጥም ብላ ይዛለች። በሰላም ይረፉ፣ እናቴ። የታችኛው ክፍል መብራት እንደሚወዱት በራፉ ላይ በርቷል።

ልቅሶ ቤቱ የተከፈተው ዛሬ፣ ረቡዕ ነው። ወይዘሮ ሊን እኩለ ቀን ላይ ከሳን ሆዜ መጡ። በፎይል የተሸፈኑ ሁለት ትላልቅ ትሪዎች ይዘዋል፤ ከመኪና ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ በላይነሽ «ምንድን ነው?» ብለው በሩ ላይ አስቆሙኝ። ፎይሉን ገልጬ ሁለቱንም ትሪ እስከ ታች አየሁ። በጨረቃ የታጠፈ አንድም አልነበረም። ሁሉም በሹሩባ የተዘጉ ነበሩ።