ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ሳህኖች

ቶርጉን ከበርገን ከተማ በላይ ባለው የባሕር ጥናት ጣቢያችን ሠላሳ አንድ ዓመት የባሕር ጃርት እጭ አሳድጋለች። ሃያውን አብሬያት ነበርኩ፤ ውሃ መቀየር፣ ማጥለል፣ ደግሞ መቀየር። ድካም ብቻ! በየጥናቱ መጨረሻ ስሟን አንስተው ያመሰግኗታል፤ ምን ይሠራላታል?

አንድ ጸደይ ላይ፣ በሰኔ ጡረታ ልትወጣ ቀን ትቆጥር ነበር። የዶክትሬት ተማሪው ስቴይናር ግን ከደስታው ብዛት መሬት አልነካ ብሏል፤ ሞቅ ባለ ውሃ ያሳደግንለት እጮች አንጎል ሳያወጡ ቀሩ። ፅንሱ ገና ድቡልቡል ሳለ የታችኞቹ ሴሎች «አንጎል አትሁኑ» የሚል መልእክት ወደ ላይ ይቀባበላሉ። መልእክቱ ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል፤ ያቺ የተረፈችው ጫፍ አንጎል ትሆናለች። ስቴይናር፣ ሙቀት መልእክቱን እስከ ጫፍ ያደርሰዋል አለ። የሦስት ዓመት ልፋቱ ይኸው ነው።

መልእክቱን የሚያበረታ መድኃኒትም አለን፤ ብርጭቆ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የእጭ ሳህን ደግሞ ሳሙና አይነካውም፣ በባሕር ውሃ ብቻ ይለቀለቃል። ስለዚህ መድኃኒት የነካው ሳህን ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ይጣላል። ቶርጉን ደህና ብርጭቆ ለመጣል አንጀቷ አይችልም። ፕላስተሩን ልጣ፣ ለቅለቅ አድርጋ፣ የስቴይናር እጮች በሚያድጉበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ደርድራቸው ኖሯል። አንድ ቀን የስቴይናርን ሳህን ስታነሳ የፕላስተሩ ሙጫ ጣቷን ያዘው፤ አንጎሉን ያስቀረው ሙቀቱ ሳይሆን መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ገባት።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት።

«አንቺ ትሄጃለሽ፣ እሱ ይመረቃል፤ ማን ያውቃል?»

«እኔማ ሄድኩ። እሱ ዕድሜ ልኩን ይህን ሊያስተምር ነው?»

ነገረችው። ስንት ሳህን እንደሆነ ጠየቃት፤ አታውቅም። ሳምንት ሙሉ ሰላም አላላትም። የባሕር ጃርቶቹ እንቁላል የሚሰጡት በጸደይ ብቻ ስለሆነ፣ ሙከራውን ልትደግምለት ጡረታዋን በአንድ ዓመት አራዘመች። ክረምቱን ሙሉ፣ ሙቀቱ ራሱ ይሆናል እኮ፣ እውነት ሊሆን ይችላል እያለች ስትለምን ከረመች። ማንን እንደምትለምን እንጃ።

በሚያዝያ አዲስ ሳህን ተገዛ፤ እጮቹም እንደገና ሞቅ ባለ ውሃ አደጉ። ስቴይናር ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ።

«ሁሉም አንጎል አላቸው» አለ።

ጤነኛ ነገር አይቶ እንደዚያ ያዘነ ሰው አላውቅም። ቶርጉን ይቅር በለኝ አለችው። እሱ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እንግዲህ ከዜሮ ነው። ለመጪው ጸደይ ማን ያሳድግልኛል?»

እኔ መስኮቱን አየሁ። እስከዛሬ አፍርበታለሁ።

«እኔ» አለች ቶርጉን።